የትርሲትን ባና ማን እንደ ሸመነው ስለ ማስረዳት

ለባሕር ማዶው የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣
ለተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ እናንተም ቤተሰቦቻችሁም እንዴት ከርማችኋል? እኛ በመንዝ ደጋ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ብርዱም ደኅና ነው።

የእህቴ የጥሩሸዋ ልጅ ትርሲት አገራችሁ ገብታ፣ ከበግ ጠጉር ባና እየሸመነች የምትሸጥበት ድርጅት አቋቁማ፣ በሥራ ፈጣሪነት ቋሚ ነዋሪ ለመሆን አመልክታለች። እናንተም ሸማኔ ለመሆኗ ካሠለጠናት ሰው የምስክር ደብዳቤ ይምጣ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ፋይሉ ይዘጋል ብላችኋታል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ስለ ትዕግሥታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከመመስከሬ በፊት ግን ቅር ያሰኙኝን ላቅርብ።

1ኛ/ ልጅቱን በወረቀታችሁ ላይ «መሥራች» ብላችሁ ጠርታችኋታል። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሸምን መሥራች ያለኝ ሰው የለም፤ የሚሉኝ «ዳኜ፣ ባናዬ አሁንም አልደረሰም?» ነው።

2ኛ/ የምትሸምንበትን ፎቶግራፍ ልካልናለች። እኔ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ ጉልበቴን ብርድ ሲበላው፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንበሩ መደገፊያ አለው። ፎቶግራፉን ለጎረቤቱ ሁሉ ያዞርሁት እኔው ነኝ፤ ቀናባት እንዳትሉኝ።

3ኛ/ በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ትርሲት በአሥራ ስድስት ዓመቷ የሽመና ዕቃው ላይ ልቀመጥ ብትለኝ ሥቄ እንዝርት አስያዝኋት። እናንተ ግን ሳታፍሩ «ምን መሥራት ትችያለሽ?» ብላችሁ ጠየቃችኋት። አጎቷ እያለሁ ቀድማችሁኝ መጠየቃችሁ እጅግ አስቀይሞኛል።

እንግዲህ ምስክርነቴ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ባና ሸጬ በተመለስሁ ቁጥር፣ ጀምሬው የሄድሁት ሥራ አንድም ሁለትም ክንድ ጨምሮ አገኘው ነበር። ጠርዙ ከእኔ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። የማን እጅ እንደ ሆነ ዐወቅሁ፤ የእኔ ነው ብዬ ሸጥሁት። የደብራችን አስተዳዳሪ አንዱን ለብሰው «ዳኜ፣ እጅህ ይባረክ» ሲሉኝ፣ እጄን ዘርግቼ አሜን ብያለሁ። አምስት ዓመት እንዲህ ኖርሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ደንበኞች ጠርዙ ለምን ተጣመመ ቢሉኝ በዓይኔ አመካኘሁ።

ባለፈው ሳምንት ደውላ «ጋሼ፣ እውነቱን ብቻ ይጻፉልኝ፤ ሌላ አልጠይቅዎትም» አለችኝ። እናቷ ከጎኔ ሆና «እሱ? ይህን ከሚጽፍ ገዳም ቢገባ ይቀለዋል» አለች። እህቴን ለማሳፈር ስል ይኸው ጻፍሁ፤ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በጋዜጣ ያወጣሁትም የደብሩ አስተዳዳሪ እንዲያነቡትና ምርቃቱን ለባለቤቱ እንዲመልሱ ነው።

ትርሲት ሸማኔ ናት። እኔ አላሠለጠንኋትም። ከእኔ ትበልጣለች።

የሰው ልጅ መርጣችሁ መውሰድ ለምታውቁበት ለእናንተ፣ ከመንዝ ደጋ እጅ እየነሣሁ፣
ዳኜ ኪዳነ ወልድ፣ ሸማኔ

ግልባጭ፦ ለእህቴ ለጥሩሸዋ፤ ጮክ ተብሎ ይነበብላት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፋይሏን ብትዘጉባት ወደ እኔ ትመለሳለችና ደስታዬ ወሰን አይኖረውም። ስለዚህ እባካችሁ አታስደስቱኝ።