ለፎቶ የበቃው ቱቦ

ለታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆችስ እንዴት ናቸው? ደብዳቤ ያለዚህ አይጀመርም ብዬ ነው እንጂ መልሱን ለመስማት ጓጉቼ አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም አለች፤ ያንተ ቱቦ ግን የለም።

ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ከራሷ በላይ ብረት ይዘርጋ፣ ብረቱ ላይ የሚንሸራተት ቀለበትና መያዣ ጠፍር ይኑር፣ እሱን ይዛ በገዛ እግሯ ትሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀለበቱ እንዲያልፍ መሃሉ ላይ ድጋፍ ስለማይኖረው የማይጎብጥ ብረት ምረጥ ብዬ ለመንኩህ። አንተ የሚያብለጨልጭ ቱቦ ይዘህ መጣህ። ሰቀልክ፣ እማዬን አስያዝክ፣ ከጎኗ ቆመህ ፎቶ ተነሳህ፣ በማግስቱ ሄድክ። ፎቶውን ያየ ሁሉ ልጅ ማለት እንዲህ ነው እያለ ሲያሞግስህ ሰምቻለሁ።

በአምስተኛው ቀን ከምሠራበት ስፌት ቤት ለምሳ ስመለስ ቱቦው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ መሃሉ ረግቧል። ቀለበቱ የረገበው ቦታ ላይ ተቀርቅሯል። እማዬ ከሥሩ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ቀሚሷ ርሷል። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያው ናት። ሽታውን አጥቤ አስወጣሁት፤ ሽታው አይደለም ያስጠላኝ። ቀና ብላ ልታየኝ አፍራ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ነው። ደግሞ ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል አለችኝ። ይከፋው እንዴ!

ቱቦውን ተሸክሜ ብረት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ገና ሲያየው አወቀው። ልጮህበት የመጣሁ መስሎት ቀደመኝ፦ ይሄ የመጋረጃ ነው፣ ሰው አይሸከምም ብዬ ነግሬዋለሁ፤ ለፎቶ ይበቃል ብሎኝ ነው የወሰደው አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የብረት ነገር ስለማያውቅ ነው እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከርልህ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።

ከዚያ በኋላ ማንንም ማመን አስጠላኝ። እዚያው ሱቁ ደጅ ሁለት በርሜል አስቀርቤ የብረቶቹን ጫፍና ጫፍ አሳረፍኩ፤ መሃሉ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን እያንጠለጠልኩ፣ ከጫፍ ጫፍ ክር ወጥሬ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ለካሁ። ክር መቼም አላጣም። ድፍኑን ቀጭን ብረት ተማምኜበት ነበር፤ ጀሪካኑ ሳይሰቀልበት በራሱ ክብደት ጎበጠ። ሰፋ ያለውና ገላው ወፍራም የሆነው የውሃ ቧንቧ ግን ከክሩ የጥፍር ያህል ብቻ ነው የራቀው። ባለሱቁ ድልድይ ልትሠሪ ነው እንዴ ብሎ አላገጠብኝ። እግሬን አጥፌ ራሴ ስንጠለጠልበት ግን ጎንበስ ብሎ ክሩን ያይልኝ ጀመር።

ቧንቧውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ሻማ ቀብቼ ሰቀልኩት። ቀለበቱ ሳይያዝ ይንሸራተታል። እማዬ ግን ጎረቤት በመጣ ቁጥር ወንዱ ልጄ የሠራልኝ ነው ትላለች። ያንተኑ ነው ያጠናከርኩት ብዬ ዋሽቻት ነበርና አሁን ምን አፍ አለኝ? ያንገሸግሸኛል፤ እሷ ግን ልጄ ሠራልኝ የሚለውን ይዛ ነው የምትቆመው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እስከ ውጭው በር ድረስ ይዘርጋልኝ አለችኝ። ለምን ብላት፣ እሱ ሲመጣ እኔው ተነስቼ እንድከፍትለት ብላኝ እርፍ። ተናደድኩ፣ ሄጄም ሁለተኛውን ቧንቧ አመጣሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት እየተለማመደች ነው።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ እሷ በየቀኑ የምትለምንልህ ስለሆነ እኔም አሜን እላለሁ። ስትመጣ አንኳኳና ጠብቅ። ከአልጋዋ እስከ በሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው፣ በየመሃሉ ቆማ ታርፋለች። ሰው የለም ብለህ እንዳትመለስባት።

ታናሽ እህትህ