ተልባ

ኅዳር 4

ጭጋጉ እስከ ረፋድ አልተነሳም። ገብሱ ገና አውድማ ላይ ነው። መስከረም ተልባ ይዛ መጣች... ደግሞ። ጎረቤት እንደሷ ይስጥ፤ ምን ታድርግ፣ "የትናየት ጨጓራዋን ታማለች" ብለዋታል። ጓዳዬ ተልባ በተልባ ሆኗል። ጨጓራዬ እኮ ደህና ነው፣ ድንጋይ ቢሰጡት ይፈጫል። የምደማው ከታች ነው።

ደባርቅ ወርጄ የታየሁ ዕለት ነርሷ አልደበቀችኝም። "የማህፀን በር ካንሰር ይመስላል። ጎንደር ሂጂ። አስታማሚ ያዢ፣ አትቆዪ።" አማቴ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ሲሰሙ፣ "ይሄ የቄስ ቤት ነው። ጨጓራ ነው በይ" አሉ። ቄሱ ዝም። ባሌ ዝም ካሉ ተስማምተዋል ማለት ነው።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። ደም ያለባት አትገባም፤ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ አልተከፋሁም። ግን ስብከቱ... አሥራ ሁለት ዓመት ደም ስለፈሰሳት፣ የጌታን ልብስ ስለነካችው ሴት። ሰባኪው ቄሱ! ድምፃቸው በማጉያው እኔ ድረስ መጣ። ሲያምር። ሴቶቹ አለቀሱ አሉ። እኔ አላለቀስኩም፣ አረርኩ እንጂ። ያቺን ሴት "ጨጓራ ነው በይ" ያላት ነበር?

ኅዳር 20

እማሆይን ለመንኳቸው።

"ጎንደር ልሂድ።"

"መጀመሪያ ጸበል።"

"እሺ፣ ጸበል ይውሰዱኝ።"

"ደሙ ሳይቆም እንዴት ተደርጎ?"

እና መቼ ነው የሚቆመው? እንዲቆም አይደል ጎንደር የምለው...

ቄሱን ለብቻቸው ጠየቅኩ። "አንቺ ብትሞቺ እኔ ሌላ አላገባም። ቄስ ነኝ። የምጨነቅ አይመስልሽም?" አሉኝ። አየሽ የትናየት፣ ለኔ ሲጨነቁ እንኳ ለራሳቸው ነው።

ታኅሣሥ 6

ጨርቄን ከበረቱ ኋላ አሰጣሁ፣ ሰው እንዳያየው። በዚህ ብርድ መች ይደርቃል። እርጥቡን ታጠቅሁት።

ታኅሣሥ 21

የማርያም ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ጠረኔ ለራሴም ይታወቀኛል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ ሳብ አደረጉ። እማሆይ ቀደም ብለው፣ "ጨጓራዋ ነው፣ እህል አልረጋላት ብሎ" አሉ። አንዷ ዞር ብላ፣ "ተልባ ሞከርሽ ወይ?" ትለኝ የለም።

ምን እንደነካኝ እንጃ።

"ጨጓራ አይደለም። ማህፀኔ ነው። ካንሰር ነው። እደማለሁ።"

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። "አዋረድሽን" አሉ እማሆይ፣ ቀስ ብለው። መስከረም ብድግ አለች። የምትወጣ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ... መጥታ አጠገቤ ቁጭ።

"ተልባ ስቆላልሽ ከረምኩ እኮ። ምነው ብትነግሪኝ?"

የነጠላዬን ጥለት ጠመዘዝኩ።

"ጎንደር ማን ይዞሽ ይሄዳል?"

"ማንም።"

"እኔ እወስድሻለሁ።"

ይኸው ነው። ስንት ሳምንት የለመንኩት፣ በአንድ ቃል።

ታኅሣሥ 25

መናኸሪያ ድረስ ቄሱ ሸኙን። ሰው ስላለ እጄን አልያዙም፤ ፌስታሌን ግን ያዙልኝ። "እግዜር ይማርሽ" አሉ። አሜን አልኩ። እማሆይ ከቤት አልወጡም። ዳባት ስንደርስ አለቀስኩ። መስከረም መሀረቧን ሰጠችኝ።

ጥር 3

ጎንደር። ውጤቱ ደረሰ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋኝ... ቄሱ እንዲህ ተጠግተውኝ አያውቁም፣ ከታመምኩ ወዲህ። ተስፋፍቷል አለ። በቀዶ ጥገና የሚወጣበት ጊዜ አልፏል፤ የቀረው ጨረር ነው፣ እሱም ወረፋ አለው። መስከረም እጄን ጨበጠችው።

"የደባርቋ ነርስ እንዳየችሽ ኅዳር ላይ ብትመጪ ቆርጠን እናወጣልሽ ነበር" አለኝ። "ኅዳር ላይ ለምን አልመጣሽም?"

"ኅዳር ላይ ጨጓራ ነበረብኝ" አልኩት።