ጎሕ ሲቀድ የመጡት ሽማግሌዎች

ላሊበላ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ያ የሚያስቸግርህ ጥርስህስ ተሻለው? እኛ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። ገብሱም ታጭዶ ተከምሯል።

በሰው እጅ የላክኸው ወረቀት ደርሶናል። «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ይላል፤ ቀን ግን የለውም። እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ? ሚስትህ ሰርካለም መቼ ደህና እንደነበርክ ለማወቅ ወረቀቱን ስታገላብጠው ትውላለች። በጦር ማሠልጠኛው የሠልጣኝ ስልክ እንደሚሰበሰብ እያወቀች የራሷን ከጉያዋ አትለየውም። በቀደም ላም ስታልብ ከወተቱ ውስጥ ወደቀባት፤ ጤፍ ውስጥ ቀብራ አደረቀችው። መውለጃዋ ተቃርቦ ሳለ እህል አፏ አይገባም። ስቆጣት አንድ ትጎርስና «ጠገብኩ፣ እማማ» ትለኛለች።

ሌላ ሰው ሳይነግርህ የምነግርህ ነገር አለ። እናቷ ከብልባላ ደጋግማ ልካብኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚወለደው ልጄን ስጡኝ አለች። ወጉ ጠፍቶኝ አይደለም። ሐኪም ቤቱ ለእኛ ይቀርባል፣ መንገዱም ይጎዳታል ብዬ ከለከልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከፊት ያሉት የብልባላው ቄስ ገብረመስቀል ናቸው። «እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እትዬ» አሉኝ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ተቀመጪ የሚባለው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። የአባትህንም መርዶ በዚያው በር፣ እንዲሁ ቆመው ነው ያረዱኝ።

አልተቀመጥኩም። ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ስምህን እየጠራሁ ደረቴን መታሁ። ጎረቤቱ እያለቀሰ ግቢውን ሞላው። ሰርካለም ከጋጣው ወጣች፤ እሷ ግን አልጮኸችም። ሆዷን ይዛ ቄሱ ፊት ቆመችና «አባ፣ ማን ነገራችሁ?» አለች።

«ምኑን?» አሉ ቄሱ። «ኧረ በስመ አብ! እኛ እኮ አንቺን ለአራስ ቤት ልንጠይቅ ነው ሽማግሌ ተልከን የመጣነው! ወደ አውድማ ሳይወጡ እንድረስባቸው ብለን ነው የማለድነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጎቷ አቶ የሻው ነው፣ ምላሱን ታውቀዋለህ፤ «እኛ ልጅ ልንጠይቅ ብንመጣ እርስዎ ልጅ ቀብረው ጠበቁን» አለኝ። ጎረቤታችን አገሬም እንባዋን እየጠረገች «ሳይሞት የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል። በሉ፣ ለቅሶው ከቀረ ቁርሱ አይቅርብን» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን እንባው አልቆም አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልከልክል? ውሰዷት አልኩ። ይሄኔ ሰርካለም «እማማ ካልመጡ ከዚህ ደጃፍ አልነቃነቅም» ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። አቶ የሻው «አማት ምራቷን ተከትላ ለአራስ የምትሄደው በየት አገር ነው?» ቢላት፣ «በእኛ» አለችው።

እንግዲህ ነገ እንነሣለን። ላሟን ለአገሬ አደራ ሰጥቻታለሁ። ሰው ቤት መሰንበት ለእኔ ቀላል እንዳልሆነ ታውቃለህ፤ ወጣቸው ጨው እንደሚበዛበት ከሠርጋችሁ ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ። የምሄደው ለእሷ ስል ነው። ልጅ ናት፣ ትፈራለች። ደግሞም እዚያ ቤት ሰው ብዙ ነው፤ ማለዳ በር ቢንኳኳ የምከፍተው እኔ አይደለሁም።

የላስታ ታቦታት ከፊትህ ይቅደሙ፤ በእግርህ የሄድክ፣ በእግርህ ይመልሱህ።

እናትህ