የቦራው ግራ እግር

የካቲት 4
አሥራ ስድስት ፈረስ፣ ስልሳ አራት እግር። ጎንበስ ቀና ስል ወገቤ ተቆረጠ። ልክ አንድ ሰዓት ላይ ጋጣው በር ደረስኩ... እንደ ወትሮው። ጠባቂዎቹ «ሰዓቷ መጣች» ሲባባሉ ሰማሁ። ይበሉኝ። የውድድር ሐኪም ከሰዓት ዝንፍ ካለ ማን ሊሰማው ነው?

ሁሉም ደህና ናቸው። አንዱ ብቻ ሲያስነጥስ ነበር፣ ሦስት ቀን አሳረፍኩት። ባለቤቱ አኮረፈ። እሱም ሲያስነጥሰው ይሩጥ እስቲ።

ከሥራ ስወጣ ሚጢጢ ደወለች። እሁድ በትልቁ ውድድር ግንባረ ነጩን ፈረስ፣ ቦራውን፣ እንድትጋልብ ሰጥተዋታል። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ፈረስ ስታሟሙቅ የኖረች ልጅ... «እትዬ፣ ቀን ወጣልኝ» አለችኝ። እናታችን ይህን ሳታይ መሄዷ ቆጨኝ። ታናሽ እህቴ ትሁን እንጂ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም።

የካቲት 8
ቦራውን አስቀረሁት።

የታመመ እግር ይሞቃል፣ ያብጣል። እኛ የምንዳስሰው ለዚያ ነው። የዚህ ግን ግራ የፊት እግሩ ቀዝቃዛ ነበር። ከቀኙ ይልቅ ቀዝቃዛ፣ ፀጉሩም እርጥብ። «አጥበነው ነው» አለ ጠባቂው። አንድ እግሩን ብቻ የሚታጠብ ፈረስ የት ነው ያለው? በረዶ ውስጥ አቁመውት ነው እንጂ። በረዶ ትኩሳቱን ይደብቃል፣ ሕመሙንም ለጥቂት ጊዜ ያደነዝዛል።

ጠንካራው መሬት ላይ በሶምሶማ አስኬድኩት፣ ደህና ረገጠ። የመድኃኒት መዝገባቸውም ንጹሕ ነው። ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ደም ቀዳሁና ቅጹን ሞላሁ፦ «ብቁ አይደለም። ምክንያት፦ ግራ የፊት እግር ከቀኙ ይልቅ ቀዝቃዛ፣ ፀጉሩም እርጥብ በመሆኑ በበረዶ መያዙ ያጠራጥራል።» አንዱ ቅጂ ለእኔ፣ አንዱ ለጋጣው። ደንቡ ነው። በሚነበብ ጽሑፍ ነው የጻፍኩት፣ ኋላ አላየነውም እንዳይሉኝ።

የቦራው ጋጣ ሐኪም ጋሼ ናቸው። እግር መዳሰስ ያስተማሩኝ እሳቸው... አሁን እሳቸው ያክማሉ፣ እኔ እፈትሻለሁ። ቅጹን ቢሯቸው ስወስድላቸው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ይቆጣሉ ስል «ጎበዝ፣ ጥሩ አስተምሬሻለሁ» አሉና አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚጢጢ ስልክ አታነሳም።

የካቲት 9
አነሳች። «እህት አለኝ ብዬ» አለችና ዘጋችው።

የካቲት 18
የደሙ ውጤት መጣ። ምንም የለበትም። ቅር አለኝ። ደሙ ውስጥ መድኃኒት እንዲገኝ ተመኝቼ ነበር ማለት ነው? ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

ጋሼን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። «በረዶ ውኃ ነው ልጄ። ውኃ ደግሞ መዝገብ ላይ አይጻፍም።» ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ለምን እንደሳቅሁ እንጃ።

የካቲት 23
ለካ ቦራውን ወደ ሌላ ሜዳ ወስደውት ኖሯል። ሐኪም የማያይበት፣ ደም የማይቀዳበት ሜዳ። ትናንት አሸነፈ። ጋላቢዋ ሚጢጢ። ፎቶውን ላከችልኝ፣ ያለ አንድ ቃል።

ፎቶውን አሰፋሁት። ሌላ እህት ብትሆን መጀመሪያ ፊቷን ታይ ነበር፣ እኔ ግን የፈረሱን እግር። ግራው ላይ ፋሻ ተጠቅልሏል። ግራው ላይ ብቻ... ምናልባት ምንም አይደለም። ጠባቂዎቹ አሁን «በሽታ ፈላጊዋ» ነው የሚሉኝ። ሰዓቷ ይሻል ነበር።

መጋቢት 2
ሚጢጢ መጣች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ክብደቷን ስለምትጠብቅ ሻይ ብቻ ጠጣች፣ ያውም ያለ ስኳር። «አንቺ እኮ ሰው ሰላም ስትዪም እግር እግሩን ነው የምታዪው» አለች። እስኪያመን ሳቅን። ቤቱ ቤት መሰለ።

እሁድ ቦራው እዚህ ይሮጣል። ልትወጣ ስትል በሩን ይዛ ቆመች። «እትዬ፣ ደግሞ እንዳታስቀሪው። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ አይሰጡኝም።» ዝም አልኳት። ዝምታዬን እንደ እሺ ሳትወስደው አልቀረችም። እኔስ እንደ ምን ነው የወሰድኩት?

መጋቢት 6፣ ጠዋት
አንድ ሰዓት። ቦራው ሦስተኛ ተራ። ግራና ቀኙ እኩል። ፀጉሩ ደረቅ። እብጠት የለ፣ ሙቀት የለ። ሶምሶማው አይነቀፍም። መዝገቡ ንጹሕ። ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ያዩኛል... ለምርመራ መጥተው አያውቁም ነበር።

«ብቁ» ብዬ ፈረምኩ።

እግሮቹ እኩል ናቸው። እኩል ቀዝቃዛ። ብርድ ነው መቼም። የሌሎቹስ እንዲህ ይቀዘቅዝ ነበር? ትዝ አይለኝም። ሚጢጢ ከሩቅ እጇን አወዛወዘችልኝ።

መጋቢት 7
ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ትናንት ከሰዓት፣ ፈረሶቹ ከውድድሩ በፊት በሕዝቡ ፊት ሲዞሩ ቆሜ አይ ነበር። ቦራው ወደ ግራ ሲታጠፍ እርምጃው አጠረ። ትንሽ። ማንም አያየውም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ግራው ከቀኙ ስለቀዘቀዘ ተያዘ፣ እንግዲያው ሁለቱንም አቀዝቅዙ። እርጥብ ስለሆነ ተያዘ፣ እንግዲያው አድርቁት። አንድ በአንድ ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጠኋቸው። ስንት ሰዓት እንደምመጣ ደግሞ ማንን ይጠይቃሉ? ሰዓቷ ነኝ።

ወደ ፈረሱ ሄድኩ። መነሻው መስመር እስኪደርስ ድረስ ማስቆም እችላለሁ፣ ሥልጣኑ አለኝ። ጎንበስ አልኩ፣ እጄን ዘረጋሁ። ባለቤቱ አጠገባችን ነው፣ ጋላቢዎቹ ሁሉ ያያሉ። ሚጢጢ ከኮርቻው ላይ ሆና «እትዬ... ደግሞ?» አለችኝ።

እጄን ሰበሰብኩ።

ባልሳሳትስ? ብሳሳትስ? ደሙ ንጹሕ ነበር አይደል... ይህን ሁሉ ሳስብ ፈረሶቹ ሄደዋል። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ድምፁን ሰማሁ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት። ቦራው በአፍንጫው ተደፋ፣ ሚጢጢ ከሥሩ ገባች።

ግራ የፊት እግሩ ነበር። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ለሁለት። የመጨረሻውን መርፌ የወጋሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ የሉም፣ ሌላ ሐኪምም አልነበረም። ዓይኑ ላይ እጄን አደረግሁለት። አምቡላንሱ እሷን ይዞ ሲሄድ እኔ ገና ፈረሱ ጋ ተንበርክኬ ነበር። ይቅር ይበለኝ።

መጋቢት 9
ወገቧን ሰባት ሰዓት ሙሉ ቀዶ ጥገና ሠሩላት። ትሄዳለች አላሉም፣ አትሄድምም አላሉም።

ጋሼ ደወሉ። «ሜዳው ነው ልጄ። ጉድጓድ ነበረው። ጠዋት አይተሽዋል፣ ደህና ነበር። እዚያ ላይ ከጸናን ማንም አይነካንም።» ድምፃቸው ድሮ ሲያስተምሩኝ እንደነበረው ለስላሳ ነው። ስልኩን ዘጋሁት። የሚያስፈራኝ እኮ... ለአፍታ እሺ ልል ነበር።

መጋቢት 17
ከወደቀው ፈረስ የተቀዳው ደም ውጤት መጣ። ማደንዘዣም፣ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋውም መድኃኒት ተገኝቶበታል። ያ ከተወጋ አሥራ አራት ቀን ሳይሞላው ፈረስ አይሮጥም። እነሱ ሦስት ቀንም አልጠበቁ። ጋሼ ከሥራ ታግደዋል። ጋጣው ተዘግቷል።

ኮሚቴው የእኔንም ቃል ጠየቀ። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። እጄን የሰበሰብኩበትን ጭምር። ይህን ካዩ በኋላ ፈቃዴን እንደሚነጥቁኝ አውቃለሁ፣ ይንጠቁኝ። ከማስገባቴ በፊት ግን ከሰው አፍ እንዳትሰማው ለሚጢጢ ልነግራት ሄድኩ።

በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን እያየች ሰማችኝ።

«ጠርጥረሽ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ተውሽው?»

«አንቺ... ደግሞ ስትዪኝ።»

 አጠገቧ ያለችው ታማሚ ስታንኮራፋ ይሰማል።

«እኔም አውቄ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሳሟሙቀው ግራው ሲከዳው ተሰምቶኛል። ልወርድ ፈልጌ ነበር። ብወርድ ፈራች ይሉኛል፣ ከዚያ ማን ፈረስ ይሰጠኛል? እትዬ ታስቀረዋለች አልኩ። ወደኛ ስትመጪ እኮ በሆዴ ተመስገን ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽኝ?»

«ሰው እየሰማ ነበራ።»

እጇን ያዝኩ። አልነጠቀችኝም፣ አልጨበጠችኝምም። ሁለታችንም አለቀስን፣ ሌላው እጇ በፋሻ ስለታሰረ እንባዋን እኔ ጠረግሁላት።

ወረቀቱን አስገብቼ ተመለስኩ። ነርሷ ከነገ ጀምሮ ሚጢጢን በየሁለት ሰዓቱ ለማገላበጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል አለች። አንዷ እኔ ነኝ። ጠዋት ሌላ የምሄድበት የለኝም።