ስም የሌለው ቁልፍ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ለመካኒሳ አቦ ነዋሪዎች በሙሉ! ላለፉት አራት ቀናት ያለ ዕረፍት ሲፈለግ የከረመው የአቶ ገሠሠ የግራ እግር ካልሲ ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በራሱ በባለቤቱ ትራስ ልብስ ውስጥ ተገኝቷል። ካልሲው በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። ስለ ሽታው መግለጫ ለመስጠት ጊዜው ገና ነው ተብሏል።

ሌላ ዜና... የልጅ ልጄ ምስጢር ሥራ አገኘች። ማለቴ የሥራ ማስታወቂያ። ለታሪክ ይመዝገብ፦ ዕድሜዋ ሃያ አራት፣ ዲግሪ አላት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። ምላሷን ከእኔ ወርሳለች ይላሉ። ስም ማጥፋት ነው።

ማስታወቂያውን ያወጣው አንድ የመድን ድርጅት ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ደብተሬን አላቆሽሽም። የደንበኞችን ስልክ የሚመልስ ሰው ይፈልጋል። ማመልከቻ የሚቀበለው በድረ ገጽ ብቻ፣ እስከ ጥቅምት 21።

«ዓይን የማይጠይቅ ሥራ ነው አባባ። ጆሮና ምላስ ብቻ።»

«ምላሱስ ለሁለት ሰው ይበቃል» አልኳት።

ስልኳ እያነበበ ይነግራታል። ፍጥነቱን ከፍ ስለምታደርገው እኔ የምሰማው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው። እሷ ግን መሀል ላይ ትስቃለች። ምን ሰምታ ይሆን?

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዛሬ ድረ ገጹን ተዋወቅሁት። ያምራል። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥርሳቸውን የሚያሳዩ ወጣቶች... የምስጢር ስልክ ሲያነበው ግን እንዲህ ነው፦ «ቁልፍ። ቁልፍ። ምስል አርባ ሁለት። ስም የሌለው ቁልፍ።» ጣቷን ወደ ታች ታወርዳለች። «ቁልፍ።»

«አባባ፣ ላክ የሚለው የትኛው ነው?»

«ቀዩ።»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ትንሽ ዘግይቼ።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ሮቦት አለመሆንሽን አረጋግጪ አላት። ዘጠኝ ትንንሽ ፎቶዎች። የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ምረጪ። እሷ አታይም፣ እኔ መነጽሬን አድርጌ ገባሁበት። ሦስት መረጥኩ። ተሳስተዋል። ደገምኩ። ተሳስተዋል። ሰባ ስምንት ዓመት ሰው ሆኜ ኖሬ ዛሬ በይፋ ሮቦት ተባልኩ። ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ላይ መንገድ ተሻግሮ በሕይወት የተመለሰን ሰው ስለ መብራት ይፈትኑታል?

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ጊዜዎ አልቋል ብሎ የሞላችውን ሁሉ ጠረገው። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጠው። አራት ጊዜ ሞላች፣ አራት ጊዜ ጠረገው።

ብርነሽ፣ እናቷ፣ ከጓዳ ብቅ ብላ «ለምን አባባ አይሞሉልሽም? ምን ችግር አለው?» አለች።

«ታዲያ አባባ ይቀጠር!»

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ምስጢር ላፍቶ ጓደኛዋ ጋ ሄደች። እኔና ብርነሽ ተያየን። ማመልከቻውን በብርነሽ ስልክ ሞላነው።

ስም፣ ምስጢር። የአባት ስም፣ ጸጋአብ። ልጄ ነው፣ ሐዋሳ ሥራ ላይ ነው ያለው፣ ስሙ ግን እዚህ ይሠራል። የአያት ስም፣ ገሠሠ... ከጎኑ ቀይ ኮከብ አለበት። የግድ ነው ማለት ነው። እኔ የግድ ነኝ! ብርነሽን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት።

አካል ጉዳት አለብዎት? አዎ። ወዲያው የአመልካቿ ስልክ መጻፊያ ጠፋና በቦታው ሌላ መጣ፦ «የረዳትዎ ስምና ስልክ»። ምን ይደረግ? የራሴን ጻፍኩ። መብራቶቹን ብርነሽ መረጠች፣ ሰው መሆኗ ተረጋገጠ። ላክን። እንደ ሌባ ደስ ብሎን ሻይ ጠጣን።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ተደወለልኝ። ሀኒፋ እባላለሁ፣ ከሰው ኃይል ክፍል ነኝ አለች። ድምጿ ማር ነው።

«የምስጢር ረዳት ነዎት?»

«አያቷ ነኝ።»

«ለጽሑፍ ፈተና ተመርጣለች። ልጅቷ... መናገር ትችላለች አይደል?»

«የሚያስቸግረው ማስቆሙ ነው።»

«ፈተናው እዚያው ድረ ገጹ ላይ ነው። አያስቡ፣ እርስዎ መሙላት ይችላሉ።»

«መልሱንም?»

«እ... እሷ እየነገረችዎት።»

«ስትቀጠርስ? የደንበኛውንም ስልክ እኔ ላንሳ?»

ሳቀች። ቀልድ መሰላት።

ዘግቼ ዞር ስል ምስጢር በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል ሰማች? ሁሉንም።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ፈተና በደረሰ ቁጥር አንባቢ እየለመንኩ ነው የተማርኩት። አንባቢው ሲቀር ፈተናው ያልፈኝ ነበር። ሥራ ደግሞ እንደዚያ አልጀምርም፣ አባባ። ወይ ራሴ እሞላዋለሁ፣ ወይ ይቅር።»

የማመልከቻውን ቁጥር ከእናቷ ተቀብላ ስልኳን አወጣች። ማመልከቻውን ራሷ ሰረዘችው። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ ሁሉ ቁልፍ ውስጥ ስም ያለው እሱ ብቻ ነው... «ሰርዝ»።

አሥር ቀን ቀረ። አሁን ምንም የለንም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈች። የድረ ገጹ አሥራ አንድ ጥፋት፣ በተራ ቁጥር። እኔን አልጠየቀችም፣ አታናግረኝምም። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ ስታሳትም ግን «ሁለት ቅጂ አድርጊው» ብዬ ከኋላ ተናገርኩ። ሁለት አሳተመች። እርቅ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሃያ ስምንት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ማመልከቻ ተቀባይ ነበርኩ። በቀሪው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም ያልተመታበት ደብዳቤ ደብዳቤ እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ኮቴን ለብሼ ከምስጢር ጋር ድርጅቱ ድረስ ሄድን።

እንግዳ ተቀባይዋ ደብዳቤውን በሁለት ጣት ያዘችው። «አባት፣ እኛ ቅሬታ የምንቀበለው በድረ ገጽ ነው።»

«ቅሬታው በድረ ገጹ ላይ ነው።»

«አዎ፣ እዚያው ላይ ቅሬታ የሚል ቁልፍ አለ።»

«ስም የለውም።»

«እንዴት?»

«ቁጥር አራት ላይ ተጽፏል። አንብቢው።»

ተቀመጥን። ሁለት ሰዓት ከሩብ ጠበቅን። «አባባ፣ አታሳፍረኝ» አለች ምስጢር በቀስታ። ለምን ይዛኝ የመጣች መሰላት? በመጨረሻ ያቺ ሀኒፋ ራሷ ወረደች። ምስጢርን አየች፣ እኔን ጠየቀች፦ «ውሃ ትፈልጋለች?»

«ምስጢር፣ ውሃ ትፈልጊያለሽ ወይ ትልሻለች። አማርኛ ትችያለሽ?»

የሀኒፋ ፊት ቀላ። እውነቱን ለመናገር ይቅርታ ጠየቀች፣ እሷኑ፣ በስሟ ጠርታ። ማኅተም ፍለጋ ተጀመረ። ከአንድ መሳቢያ ጥግ ተገኘ፣ ቀለሙ ግን ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከኮቴ ኪስ የራሴን የማኅተም ቀለም አወጣሁ። ጡረታ ስወጣ የመንግሥትን ንብረት በሙሉ አስረክቤአለሁ። ከአንድ በስተቀር።

ገቢ። ቀን። ፊርማ። ድምፁን ናፍቄው ነበር።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ማኅተሙ ሠራ! ትናንት ሀኒፋ ደወለች። ለእኔ አይደለም፣ ለምስጢር። ድረ ገጹን የሠራው ልጅ ዛሬ ቤት ድረስ መጣ። ሙሴ ይባላል። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን እስከ እኛ በር ሦስት ጊዜ ጠፋ። በስልክ የመራችው ምስጢር ናት። «የዳቦ ቤቱ ሽታ ሲመጣልህ ወደ ግራ ታጠፍ።»

«ድረ ገጻችን በውበቱ ተሸልሟል፣ አባባ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«ሲያምር! ምስጢር ነግራኛለች።»

ምስጢር ስልኳን ዘረጋችለት። «እስኪ ሙላው።»

«ጠፍቷል እኮ፣ ጥቁር ነው።»

«በርቷል። ስክሪኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለማን ብዬ ባትሪ ልጨርስ?»

ጀመረ። ቁልፍ... ቁልፍ... ስም የሌለው ቁልፍ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ቆይ፣ ይሄ ላክ መሆን አለበት...» አልነበረም። አሥር ደቂቃ ሞላና ጠረገበት። እንደገና። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ የራሱን ስም በስልክ ቁጥር ቦታ ጽፎ ለሹፌርነት አመልክቶ ተገኘ። እንኳን ደስ አለህ፣ መንጃ ፈቃድ አለህ? አልኩት። ብርነሽ አዝና ዳቦ ቆረሰችለት።

«ማስተካከሉ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችው ምስጢር።

«ሦስት... አራት ቀን።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ?»

«ማንም ጠይቆን አያውቅም።»

«የሚጠይቁህ ሰዎች ላክ የሚለውን ቁልፍ አላገኙትማ!»

ሙሴ ላፕቶፑን ከፈተ። እስኪመሽ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ... እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። እኔ ሁለት ጊዜ ዝም በል ተባልኩ። በገዛ ቤቴ!

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ሙሴን ሁለት ቀን ሙሉ በሆዴ ስሰድበው ቆየሁ። ዛሬ ጠዋት ጺሜን ስላጭ አንድ ሰውዬ ትዝ አለኝ።

መስኮት ቁጥር ሦስት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። ሊፍት የለም። በክራንች የሚሄድ ሰው ወጣ፣ እያለከለከ ማመልከቻ ሰጠኝ። ቴምብር ይጎድለዋል አልኩት። ቴምብር የሚሸጠው ምድር ቤት ነው። ወረደ። ገዛ። ተመልሶ ወጣ። እኔ ለምሳ ዘግቻለሁ። በመስታወቱ በኩል አየኝ... አየሁት። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ስሙ ማን ነበር? ማመልከቻው ላይ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም።

ያ ድረ ገጽ ማንን እንደሚመስል አሁን ገባኝ። ልዩነታችን እሱ ለምሳ አለመውጣቱ ነው።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ሁለት ቀን ቀረ። ገጹ «በጥገና ላይ ነን» ይላል። እንደ ሰፈራችን መንገድ።

ብርነሽ ጓዳ ጠርታኝ «አባባ፣ ባይከፈትስ? ያኔ ባትሰርዘው ይሻል ነበር» አለች። ተቆጣኋት። እኔም የዋልኩት ያንኑ ሳስብ ነበር። ሙሴ ጋ ልደውል? በምስጢር ስም ልለምን? ስልኩን አነሳሁ... አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

በጥገና ላይ ነን።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

የመጨረሻው ቀን። ብርነሽ ወጡን አሳረረች፣ ዝም ብለን በላነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምስጢር ስልክ ጮኸ። ሙሴ ነው። «ተከፍቷል፣ ሞክሪው። የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው።» ድምፁ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ነው። ይበለው... ኧረ ይማረው።

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ በአጋጣሚ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር።

«ስም፣ መጻፊያ፣ የግድ።» «የአያት ስም፣ መጻፊያ፣ የግድ።» ስሜን ስትጽፈው ስልኩ በፈረንጅ አፍ ሰባብሮ አነበበው፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ከዚያ አካል ጉዳት አለብዎት? አዎ። «ለፈተናው ምን እንዲመቻችልዎ ይፈልጋሉ?» ረዳት የሚለው ሳጥን የለም! ስልኳን ጻፈች፣ የራሷን። ለሁለተኛ ጊዜ ጡረታ ወጣሁ።

ስልኩ ነዘረ... «ስህተት።» ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። «የምረቃ ዓመት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈዋል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፉ።» ጥፋቷን ከነቦታው ነገራት! አስተካከለች። የሮቦቱ ፎቶ ቀርቷል፣ በእሱ ፈንታ ቁጥር በመልእክት ላከላት፣ መልሳ ጻፈችው። ከዚያ... «ላክ፣ ቁልፍ።»

ስም አለው።

«ማመልከቻዎ ደርሶናል።» ከዘጠኝ ሰዓት ከሩብ እስከ ሠላሳ ስምንት። ሃያ ሦስት ደቂቃ፣ ማንም ሳይጠርግባት። ፈተናው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ታልፍ ይሆን? አላውቅም። ብትወድቅ ግን የምትወድቀው ራሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

በሩን ከፍታ ወጣች። ፊቷ በርቷል። «አባባ፣ ያለ አንተ አይሆንልኝም ነበር» አለች።

...

እሺ። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፣ ማንን ላታልል ነው? ሌላው ሁሉ የሆነ ነው። የመጨረሻዋን ንግግር ግን የደረስኳት እኔ ነኝ። ምስጢር በሩን ከፍታ ያለችው፦ «አባባ፣ ሁለተኛ እዚህ ስትቆም ትንፋሽህን ዝቅ አድርግ። ስልኩን መስማት አልቻልኩም።»