ተከዜን ቤት ያስገባሁ ሰው

መቀሌ፣ ሰኔ ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፱ ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለየሺወርቅ፣

ሰላምታዬ ሐይቅ ዳር፣ እናትሽ ደጅ ድረስ ይድረስሽ። አንቺ እንዴት ነሽ? ልጃችን የኔአለምስ? እናትሽ ስሜ ሲነሣ ፊታቸውን እንደሚያዞሩ ሾፌሩ ሐቢብ ነግሮኛል፤ ቢሆንም እጅ ነሥቷል በያቸው። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ክረምቱ ሳይገባ ጣራውን ጠግኛለሁ፤ ዘንድሮ አንድ ጠብታ አይገባም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽም ያው ሐቢብ ነው። በግንቦት ከደሴ ሸቀጥ ጭኖ ሲመጣ የላክሽበትን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ አደረሰኝ። «ቤቱ ለሁለታችን ጠበበን በለው» ብለሻል። ከሄድሽ ወዲህ ዓመት ሙሉ ጠብቄ ይህችን ብቻ! የመቀሌን ግማሽ በርና መስኮት የሠራሁት እኔ ደሳለኝ፣ የገዛ ቤቴ ጠበበ ልባል? ብድግ ብዬ ሜትሬን አወጣሁና ሐቢብ ፊት ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ለካሁት። አልጠበበም። ሐቢብ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ወላሂ ጋሼ፣ በሜትር የሚለካ አልመሰለኝም» አለኝ። እሱን ቆየት ብዬ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን የሠራሁትን ስሚ። እዚህ ሳለሽ «በዚህ አገር ውኃ የሚታየው እንስራ ውስጥ ብቻ ነው» ትይ ነበር። ሐይቅ ሲያይ ላደገ ሰው እውነት ነው። እንግዲህ ሐይቅ ሠራሁልሽ። አትሳቂ!

ጣልያኖቹ ጥለውት የሄዱት ሱቅ መስተዋቱ እንዳለ ነበር፤ አዲሱ ባለቤት በእንጨት ሊተካው ሲል ወሰድኩት። ቆርጬ በብረት ማዕዘን ገጠምኩትና በስቱኮ ደፈንኩት። በመጀመሪያው ቀን አልጋችን ዋኘ። ሁለተኛም አፈሰሰ። በሦስተኛው ግን ጸጥ አለ። ልክ የልብስ ሣጥናችንን ያህላል። ወጣት ሳለሁ አስመራ አንድ ጣልያን ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ነበር፤ ያ ከእኔ ጋር ሲተያይ የጨው ዕቃ ነው።

ዓሣውን ከተከዜ አመጣሁት። በጥር በቅሎ ተከራይቼ በአበርገሌ በኩል ወረድኩ። ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ታውቂዋለሽ፣ ጠፍጣፋውን። የወንዙን ዳር የሚያውቅ ሀብቴ የሚባል ሰው በመረብ አወጣልኝና በቤንዚን ቆርቆሮ ስከተው ጉድ አለ። «ዓሣ ሞቶ ይበላል እንጂ ነፍሱን ጠብቆ አገር የሚያሳየው ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። በቅሎዋ ስትሄድ ውኃው ይናጣል፣ ዓሦቹም ደህና ይሆናሉ፤ ቆማ ስታርፍ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ያጣጥራሉ። ስለዚህ አላረፍኩም። አቀበቱን ሁሉ በእግሬ ወጣሁት። ከነዚያ ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሕይወት መቀሌ ገቡ።

ወንዱን ብታዪው! ጅራቱ ዝንጉርጉር፣ ደረቱ ቀይ። በገባ በሳምንቱ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ እንደ ድስት ያለ ጉድጓድ ማሰና መሐሉ ላይ ቆመ። እጅ ሳይኖረው እንዲህ የሚሠራ! ወደድኩት። ጎረቤታችን ኣደይ ምጽላል ግን ገና እንዳየችው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዋእ! ኣታ ደሳለኝ፣ ይኼስ ቁርጥ አንተን! ቤት ሠራሁ ብሎ ሰው አያስቀምጥም።» ከዚያ ወዲያ ስሙ ደሳለኝ ሆኖ ቀረ። የሰፈሩ ልጆች በበራችን ሲያልፉ «ደሳለኝ በላ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ሴቲቱ መብላት ተወች። ጉሮሮዋ አበጠ፤ አፏን ገጥማ ጥግ ያዘች። ኣደይ ምጽላል «ሕማማትን ይዛ ነው» ብላ ቀለደች፤ እኔ ግን ጨነቀኝ። ፍርፋሪ አፏ ድረስ አቀረብኩላት። እምቢ። ውኃዋን ለወጥኩ። እንድትነቃ መስተዋቱን በጣቴ አንኳኳሁ። ይባስ ብላ ሸሸች። ከእኔ የተረፈውን ወንዱ ይጨርሰዋል፤ ከጥግ ጥግ ያሳድዳታል፣ ክንፏንም ቀደደው። ክፉ ሆኖ አልመሰለኝም። የሠራውን ጉድጓድ እንድታይለት ነው።

ኣደይ ምጽላል ተቆጣች። «አውጣው ወዲያ! ትተንፍስበት!»

«የቤቱን ጌታ ወዴት ላውጣው?»

«ጌታ ከሆነማ ደጅ ይጠብቅ!»

እሱን አላወጣሁትም። አፈ ጠባብ ገንቦ ፈልጌ አጥቤ አሸዋው ላይ አጋደምኩት፤ አንገቱ እሷን ያሳልፋል፣ እሱን አያሳልፍም። ወዲያው ገባች። እሱ ዞረ፣ አፍንጫውን አስገባ፣ ተመለሰ፤ መጨረሻ ሲደክመው ጉድጓዱ ላይ ሄዶ ተኛ። እኔም መስተዋቱን ማንኳኳት ተውኩ። ይኼ ከአበርገሌ አቀበት ይልቅ ከበደኝ። ታውቂኛለሽ፣ እጄ አያርፍም።

በፋሲካ ማግሥት ከገንቦው ወጣች። ኣደይ ምጽላልም ድፎ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ነበረች። ዓሣዋ አፏን ከፈት ስታደርግ ከውስጡ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ልጆች ግር ብለው ወጡ! ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ጎንበስ አልኩ። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ሁሉም ተመልሰው አፏ ገቡ። ኣደይ ምጽላል ጮኸች፤ «በላቻቸው! ኣንቲ ጨካኝ፣ ይቺ ደግሞ እናት ናት?» እኔም ደንግጬ ወደ ኋላ፣ እስከ በሩ ድረስ ሸሸሁ። ያኔ አፏን ከፈተችና መልሳ አወጣቻቸው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እህል ያልቀመሰችው ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማዬን በሩ አጠገብ አኑሬያለሁ። እዚያ ስቀመጥ ጥላዬ አይደርስባቸውም። ወንዱም እንዳይነካቸው መሐሉን በወንፊት ጋርጄዋለሁ።

አገሩ ሁሉ መጥቶ አየው። የመድኃኔ ዓለም ካህናት መጡ፤ የሰኞ ገበያ ነጋዴ አህያውን ደጅ አስሮ ገባ። መምህር ታመነ ተማሪዎቹን አሰልፎ አመጣና «ይህ ሁሉ የአቶ ደሳለኝ የእጅ ሥራ ነው» አላቸው። ዓሣውንም ጭምር እኔ የሠራሁት ይመስል እጅ ነሣሁ።

ሐቢብ ያንን ቃልሽን ይዞ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንዳልኩሽ ግድግዳውን ለካሁ። ሜትሬን እንደያዝኩ ዘወር ስል ግን ገንቦው ፊት ለፊቴ ነው። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሜትሬን ጠቀለልኩና እንጨት ልገዛ ወጣሁ።

የሺ፣ በምሥራቅ በኩል አንድ ክፍል ቀጥያለሁ። ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል። የዓሦቹን መስተዋት እዚያው መስኮቱ ሥር አኖርኩት፤ ሙቀቱ ለዓሦቹም ተስማምቷቸዋል። የኔአለም መራመድ ጀምራለች ሲሉኝ እግሯን እንዳያደናቅፋት የበሩን መድረክ ዝቅ አደረግኩት። ስትራመድ አለማየቴ ያንገበግበኛል። ሁለታችሁም ናፍቃችሁኛል፤ በዚህ ነገር ኩራት የለኝም። መንገዱ በዝናብ ሳይቆረጥ ለመምጣት ብታስቢ ሐቢብ ጋቢናውን ለአንቺና ለልጅቱ ይዞላችኋል። ባትመጪም ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ሌላ ሰው አይገባበትም።

የሐይቁ እስጢፋኖስ ይጠብቃችሁ። ልጄን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ዕድሜዋን እንደ ተከዜ ውኃ ያርዝመው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ በሩ። የጥድ ነው፤ እንዲህ ያለ በር ለሹም ቤት እንኳ ሠርቼ አላውቅም። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው። ትናንት ኣደይ ምጽላል መጥታ በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችውና፣ «ኣታ ደሳለኝ፣ በውጭ በኩል እጀታውን ረሳኸው» አለችኝ።

እኔ በሥራዬ ረስቼ አላውቅም።

ባልሽ፣
አናጢው ደሳለኝ