የአራስ ቤቱ ሽታ

ሐምሌ 11፣ ጠዋት
እማዬ መስኮቱን እንደገና በጨርቅ ወተፈችው። ምች ይመታሻል ነው ነገሩ። የቆቦ ሙቀት፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ በሩ ዝግ። ተቀቅለናል! ሽታውም አለ። ላምባ ላምባ ይላል፣ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርትም አለበት። ባለፈው ሳምንት ወለሉን በእበት ለቀለቀችው። ሽታው ጠፋ ስንል፣ እበቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ተመለሰ። ከጎጃም ድረስ ልታርሰኝ የመጣች እናቴን ምን ልበላት?

ሐምሌ 13
ልጄ ጡት አልይዝ አለች። ትንሽ ትጠባና ታስመልሳለች፣ ከዚያ እንቅልፍ። ይሄ የጨቅላ እንቅልፍ አይደለም። ስቀሰቅሳት እንኳ አታለቅስም። እኔንም ራሴን ይፈልጠኛል። ግን ስሚኝ ማስታወሻዬ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ቀለል ይለኛል። ገብቼ ስተኛ ይብስብኛል። እማዬ የሰው ዓይን ነው ብላ ትራሴ ሥር ቢላ አስገባች። ኧረ ቢላ ሽታ አይቆርጥም!

ሐምሌ 14፣ 9 ሰዓት
ጎረቤታችን ወ/ሮ ዘይነባ ቅቤ ይዛልኝ መጣች። ገና ከደጃፉ አፍንጫዋን ያዘች። ያላህ፣ ዛሬም አለቀቀውም እንዴ! ምኑ? ስላት ደነገጠች። የምናውቅ መስሏት ኖሯል። ይሄ ግቢ በጃንሆይ ጊዜ የአንበጣ መድኃኒት መጋዘን ነበር አለችኝ። የተቀደዱትን በርሜሎች እዚሁ ቀበሯቸው። ኋላ ቀበሌው ቤቱን ሲያሰፋ ጉድጓዱ ላይ ክፍል ጨመረ። ክፍሉ ይሄ ነው። አልጋዬ ያለበት! በበጋ ውጭ ስለምንተኛ አልታወቀንም።

ሐምሌ 16
ባሌ ታደሰ ከጤና ጣቢያ የቤትና የአካባቢ ጽዳት የሚመረምረውን ሳኒታሪያን አመጣው። አራስ ቤት ነው ብሎ በሩ ላይ አቅማማ። ግባ አልኩት። ወለሉን በብረት ዘንግ ወጋ፣ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አሸተተ፣ ወዲያው ፊቱን አዞረ። መርዙ ከሥር እየተነነ በስንጥቁ ይገባል አለን። ውጭው በዝናብ ሲርስ መውጫው የኛ ክፍል ሆነ፣ ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ይጠራቀማል። መፍትሔው አፈሩን ቆፍሮ ማውጣት፣ ሲሚንቶ መምታት፣ ከወለሉ ሥር ተነሥቶ ከጣሪያው በላይ የሚወጣ ቧንቧ ማቆም። እስከዚያ በርና መስኮት ክፍት ይሁን፣ ብትወጡ ግን ይሻላል አለ። እማዬ እሱ ሳይርቅ መስኮቱን ወተፈች። ተጣላን። ስታለቅስ አንጀቴን በላችው፣ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ሐምሌ 17
ታደሰ ቀበሌ ሄደ። ጓድ ሊ/መንበሩ ሲሚንቶ የለም አሉት። ሰፊው ሕዝብ ቤት አጥቶ እናንተ ሽታ ታማርጣላችሁ? አሉባልታም እንዳትነዙ! ታደሰ ቤቱን እንዳንነጠቅ ፈርቷል። ክረምቱ እስኪያልፍ እንታገሥ ይላል። እንታገሥ! እሱ ቀን ቀን ቢሮ ነው። ዘይነባ እኔ ዘንድ ኑ ብላለች። እማዬ ደግሞ ክርስትና ያልተነሣች ልጅ እስላም ቤት? እኔ ሞቼ ነው! አለች። እኔ ደግሞ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ እዚሁ ብትሞትብኝስ እላለሁ።

ሐምሌ 19፣ ረፋድ
እማዬ ወደቀች። ወለሉ ላይ ሰሌን አንጥፋ ነው የምትተኛው። ከሁላችንም ለመርዙ የቀረበችው እሷ ነበረች፣ እንዴት አላሰብኩትም? ልትነሣ ስትል ተዝለፈለፈች። ታደሰ ቢሮ ነው። እኔው አራሷ ጎትቼ ደጅ አወጣኋት። ነፍሷ መለስ ሲል መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልጅቷ ነው።

5 ሰዓት ገደማ
ወሰንኩ። ታደሰን አልጠብቅም። ቤቱም ይነጠቅ። ዘይነባ ጋ እንሄዳለን። ለእማዬ ነግሬያት ቁጣዋን ስጠብቅ፣ ተነሣችና ልጅቷን ጠቀለለቻት። ፀሐይ እንዳያገኘኝ ነጠላዋን አናቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። አሁን ልጄን ታቅፋ ደጅ ቆማለች። በቃ መጻፉን ተይው፣ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች፣ ነይ ውጪ እያለች ትጠራኛለች።